ብሩክ ስትሪት 23 እና 25፦ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች

ለንደን ውስጥ ቦንድ ስትሪት ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ ብሩክ ስትሪት ላይ ትደርሳላችሁ። ሰፈሩ ሜይፌር ነው፤ የሀብታም ሰፈር። ግራና ቀኙ የውድ ልብስና የጌጣጌጥ ሱቅ ነው። ከእነዚህ መሃል ቁጥር 23 እና ቁጥር 25 ተጣብቀው ቆመዋል። በ25 የሙዚቃ ሊቁ ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል ከ1723 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1759 ኖሯል። በ23 ደግሞ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ በ1968 እና በ1969 ተከራይቶ ኖሯል። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እነዚህ ቤቶች ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ነዋሪዎቹ ይሆናል። እኔን የሚይዘኝ ግን የቤቶቹ የራሳቸው ታሪክ ነው። ምክንያቱም ቁጥር 25 በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የታችኛው ክፍሉ ፈርሶ ሱቅ ሆኖ ነበር። ሃንደል የረገጠው የእንጨት ወለል፣ ሃንደል የዘጋው በር፣ ከዚያ ፎቅ ላይ ጠፍተው ነበር። ዛሬ የሚገባ ሰው ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ያያል። እንዴት ተመለሰ? ሲመለስስ ምን ያህል አምነን እንቀበለው? ነገሩ ይሄ ነው።

ቤቱ እንዴት ተሠራ

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ቤት «ጆርጂያን» ይሉታል። ከ1714 እስከ 1830 በተከታታይ የነገሡት አራት ነገሥታት ሁሉም ጆርጅ ስለነበሩ ነው። ቤቶቹን የሠራው ጆርጅ ባርንስ የሚባል ገንቢ ሲሆን በ1720ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ረድፍ አያይዞ አቆማቸው። ማን እንደሚገባባቸው አያውቅም ነበር። የዚያ ዘመን አሠራር እንዲህ ነው፦ ባለመሬቱ መሬቱን አይሸጥም፣ ለረጅም ዓመት በሊዝ ይሰጣል። ገንቢው በራሱ ገንዘብና በብድር ቤቱን ይሠራል፤ ከዚያ ያከራያል ወይም የሊዝ መብቱን ይሸጣል። ውሉ ሲያልቅ ቤቱም ወደ ባለመሬቱ ይመለሳል። ሊዝ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር ስላልሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

የመንገድ ዳር መሬት ውድ ነበር። ስለዚህ ቤቱ ፊቱ ጠበብ፣ ወደ ኋላ ረዘም፣ ወደ ላይ ከፍ ያለ ሆነ። በየፎቁ ሁለት ዋና ክፍል ብቻ አለ፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ወደ ጓሮ ያያል። ከጓሮው ክፍል ጀርባ አንዲት ትንሽ ክፍል ትቀጠላለች። በእኛ አቆጣጠር ሃንደል የገባበት ቤት ጂ ፕላስ ሁለት ነበር። ከላዩ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ክፍል፣ ከሥሩ ደግሞ ወጥ ቤቱ ያለበት ምድር ቤት ነበረው። አገልጋዮች ከታች ይሠራሉ፤ ሌሊት ከላይ፣ ጣሪያ ሥር ይተኛሉ። ጌታው መሃል ይኖራል።

የፊቱ ግድግዳ ልሙጥ የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1666 ለንደን ተቃጥላ ነበር፤ እሳቱም ከቤት ወደ ቤት የዘለለው በእንጨት በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ሕግ በሕግ ላይ ወጣ። የ1707ቱ ሕግ ከጣሪያው ጠርዝ ወጣ ብሎ የሚንጠለጠለውን የእንጨት ክፈፍ ከለከለ። ስለዚህ የፊቱ የጡብ ግድግዳ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ተደረገ። የ1709ኙ ደግሞ የመስኮቱ እንጨት ከግድግዳው ፊት 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ እንዲል አዘዘ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ሲመታው በየመስኮቱ ዙሪያ ቀጭን ጥላ ይወድቃል። ዛሬ ሰው ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው ያንን ጥላ ነው። ውበቱን ያመጣው የእሳት ፍርሃት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ለምድር ቤት የሚቆፈረው አፈር አይጣልም ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት ተደልድሎ መንገዱ ከፍ ይልበታል። ስለዚህ በብዙዎቹ ቤቶች ከመንገድ ሲታይ ከመሬት በታች የሆነው ወጥ ቤት በጓሮ በኩል ከመሬቱ ጋር ይስተካከላል። ብርሃንም ያገኛል።

ተከራዩ የውጭ ዜጋ

ሃንደል በ1685 የተወለደው ጀርመን ውስጥ፣ ሃለ በምትባል ከተማ ነው። በ1710 በሃኖቨር መስፍን ቤት የሙዚቃ አለቃ ሆነ። ዕድል ሆኖ ያ መስፍን በ1714 ቀዳማዊ ጆርጅ ተብሎ የእንግሊዝን ዙፋን ያዘ። በ1723 መጀመሪያ ሃንደል ለቤተ መንግሥቱ የጸሎት ቤት አቀናባሪ ተብሎ ተሾመ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ በ38 ዓመቱ፣ ብሩክ ስትሪት ላይ አዲሱን ቤት ተከራየ። ከእሱ በፊት ማንም አልኖረበትም።

ያኔ የውጭ ዜጋ በእንግሊዝ መሬት መግዛትም ሆነ ረጅም ሊዝ መያዝ አይችልም ነበር። ሃንደል በ1727 በፓርላማ ሕግ ዜግነት አገኘ። መግዛት ሲችል ግን አልገዛም፤ እስኪሞት ድረስ ተከራይ ሆኖ ቀረ። 36 ዓመት፣ አንድ ቤት፣ በኪራይ። በስደት የሚኖር የአገሬ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብደኝም።

ቤቱ መኖሪያም ቢሮም ነበር። ለኮንሰርቱ ቲኬት የሚፈልግ ሰው እዚያው በሩ ድረስ መጥቶ ይገዛ ነበር። አንደኛ ፎቅ ላይ ወደ መንገድ የሚያየው ሰፊ ክፍል የእንግዳና የልምምድ ክፍል ነበር። በሚያዝያ 1735 «አልቺና» የተባለው ኦፔራ የመጀመሪያ ልምምድ ሲደረግ አንዲት የዚያው መንገድ ጎረቤቱ ተገኝታ አዳምጣለች፤ ያየችውንም በደብዳቤ ጽፋለች። ክፍሉ ግን እንደምታስቡት ትልቅ አይደለም። ሃርፕሲኮርዱ (ፒያኖ የሚመስለው የዚያ ዘመን መሣሪያ) ከገባ፣ ዘፋኞቹ ከቆሙ፣ ጥቂት እንግዶች ከተቀመጡ ሞላ ማለት ነው። የኦፔራ ድምፅ እዚያ ውስጥ ግድግዳውን ሳያርገበግበው አይቀርም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው የጓሮ ክፍል ሃንደል ይሠራበት እንደነበር ይታመናል። «መሲሕ» የተባለውን ታላቅ ድርሰት በ1741 ከነሐሴ 22 እስከ መስከረም 14፣ በ24 ቀን ጽፎ የጨረሰው በዚህ ቤት ነው። «ሃሌ ሉያ» የሚለው ዝማሬ ከዚያ ውስጥ ያለ ነው። በ1727 ለዳግማዊ ጆርጅ ንግሥ የጻፈው «ካህኑ ሳዶቅ» ደግሞ ከዚያ ወዲህ በየንግሡ ይዘመራል። ቃሉ ከመጽሐፈ ነገሥት የተወሰደ፣ ስለ ሰሎሞን መቀባት የሚናገር ነው። ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም።

ከሞት በኋላ የተጻፈው ወረቀት

ሃንደል ሚያዝያ 14 ቀን 1759 በዚሁ ቤት ሞተ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በነሐሴ የቤቱ ዕቃ ክፍል በክፍል ተቆጥሮ ተጻፈ። በ48 ፓውንድ ዕቃውን የገዛውም፣ ቤቱን የተረከበውም አገልጋዩ ነው።

የዕቃ ዝርዝሩን የጻፉት ሰዎች ስለ ታሪክ አላሰቡም። ዋጋ ነበር የሚፈልጉት። አልጋው ከላይ እንደ ጣሪያ ከሚሸፍነው መጋረጃው ጋር፣ ጨርቁ ሃራቲን የሚባል ደማቅ ቀይ የሱፍ ጨርቅ እንደሆነ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ምን ምን እንዳለ፣ ሁሉንም ዘርዝረው ጻፉ። ከ240 ዓመት በኋላ ቤቱን ከጥፋት የመለሰው ይህ ወረቀት ነው። የሥዕል ስብስቡ ደግሞ በየካቲት 1760 በጨረታ ተሸጠ፤ የጨረታው መዝገብም አለ። ከ80 በላይ ሥዕል ነበረው። ለአንድ ወንደላጤ ሙዚቀኛ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ እጅ በእጅ ተላለፈ። የጣሪያ ሥር ክፍሉ ከፍ ተደርጎ ሙሉ ፎቅ ሆነ። ሜይፌር ቀስ በቀስ ከመኖሪያነት ወደ ንግድ ዞረ። በ1905 አንድ የጥንታዊ ዕቃዎች ነጋዴ ቁጥር 25ን ያዘና የታችኛውን የፊት ግድግዳ አፍርሶ የሱቅ መስታወት አስገባበት። አንደኛ ፎቅ ላይም የልምምዱን ክፍልና የሥራውን ክፍል የሚለየውን ግድግዳ አነሳ። የጥንት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጥንታዊውን ቤት እንዲህ ማድረጉ ያናድደኛል። ግን ያኔ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም።

ሕጉ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1947ቱ የከተማ ፕላን ሕግ መሠረት ሕንፃዎች በቅርስነት እየተመዘገቡ በደረጃ ይቀመጣሉ። እንግሊዝ ውስጥ 400,000 የሚጠጋ መዝገብ አለ። ከእነዚህ አንደኛ ደረጃ የሚያገኙት 2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ቁጥር 25 አንደኛ ደረጃ ነው። የተመዘገበ ቤት ውስጥ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ማንሳት ቀላል የደንብ መተላለፍ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ጥበቃው የውጩን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም ይይዛል። ደረጃው፣ በሩ፣ የምድጃው ድንጋይ፣ ሁሉም።

ታዲያ ሕጉ ሲመጣ ግማሹ ጠፍቶ ነበር። ሕግ የተረፈውን ይጠብቃል እንጂ የፈረሰውን አይመልስም። ለመመለስ ሰው ያስፈልጋል።

መልሶ ማቆም

ሐሳቡን ያነሳው ስታንሊ ሳዲ የተባለ የሙዚቃ ምሁር ነው። ያ በ1959፣ ሃንደል በሞተ በ200 ዓመቱ ነበር። ሙዚየሙ የተከፈተው ግን በኅዳር 2001 ነው። 42 ዓመት! በመሃል የሃንደል ሃውስ ትረስት ተቋቋመ፤ ገንዘብ ተለመነ፤ የሁለቱም ቤቶች የላይኛ ፎቆች በሊዝ ተያዙ። ግራውንዱ ሱቅ ሆኖ ስለቀጠለ ጎብኚ የሚገባው ከጀርባ፣ ላንካሻየር ኮርት በሚባል ቅያስ በኩል ነበር።

ሥራው የመርማሪ ሥራ ነበር። ዋናው ደረጃ ድኗል። መወጣጫውን የያዘው እንጨት ጎኑ ላይ የተጠማዘዘ ቅርጽ አለው፤ እንግዳ በሚያልፍበት በታችኛው ክፍል ያማረ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ተራ እየሆነ የሚሄድ። ይሄ ብቻውን ቤቱ ለማን የት ድረስ ክፍት እንደነበር ይነግራል። የፈረሰው ግድግዳ የት እንደቆመ ከሕንፃው አካልና ከረድፉ አሠራር ታወቀ። የጎደለው የእንጨት ልባስ ከሌላ የዚያ ዘመን የለንደን ቤት በተነሳ ልባስ ተተካ።

ቀለሙ ደግሞ ከቀለም ሥር ተገኘ። ባለሙያዎች ከተረፈው እንጨት ላይ ፍቅፋቂ ወስደው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። እያንዳንዱ ቅብ እንደ ዛፍ ቀለበት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድሯል፤ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ቅብ ይገኛል። እዚህ የተገኘው እርሳስ የሚመስል ግራጫ ነው። ወርቅ ቅብና ደማቅ ቀለም የሚጠብቅ ሰው ገብቶ ግራጫ ግድግዳ ሲያይ ቅር ይለዋል። ለእኔ ግን ከቤቱ ሁሉ በጣም የማምነው ያንን ግራጫ ነው። ማንም ለማስደሰት አይመርጠውም ነበር።

ለቅርስ ጥገና የሚሠሩ ሰዎች በ1964 ቬኒስ ላይ በተስማሙበት ሰነድ መሠረት መልሶ መሥራት መቆም ያለበት ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ ሚዛን ካየነው ቀዩ አልጋ ያልፋል፤ ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። ግራጫው ያልፋል። ሥዕሎቹ ላይ ግን ነገሩ ይላላል። ምን ምን ሥዕል እንደነበረው መዝገቡ ይናገራል፤ የትኛው የት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ግን አይነግረንም። ሙዚየሙ በዘመኑ ሥዕሎች ሞልቶታል። አልቃወምም፤ ባዶ ግድግዳም የራሱ ውሸት ይሆን ነበር። ብቻ ጎብኚው የተረጋገጠውንና የተገመተውን መለየት የሚችልበት መንገድ ጎልቶ ቢታይ ደስ ይለኛል።

ከግድግዳው ወዲያ

አሁን ወደ 23። ጂሚ ሄንድሪክስ ከአሜሪካ ለንደን የገባው በመስከረም 1966 ነው። በሐምሌ 1968 ከሴት ጓደኛው ጋር የ23ን የላይኛ ፎቅ አፓርታማ በሳምንት 30 ፓውንድ ተከራዩ። ቤቱን ያገኙት በጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። ከሥሩ ምግብ ቤት ነበር። እዚያ ሆኖ ለጋዜጠኞች ቃለ መጠይቅ ሰጠ፤ ጓደኞቹን ሰበሰበ፤ እስከ ንጋት ሙዚቃ አዳመጠ። መጋረጃና ትራስ የገዛው ከኦክስፎርድ ስትሪቱ ጆን ሉዊስ ነው። ሃንደል ጎረቤት እንደነበረ ሲሰማ ሄዶ የሃንደልን ሸክላ ገዛ፤ «መሲሕን» ጨምሮ። በ1969 መጋቢት ላይ ወደ አሜሪካ ሄደ። በመስከረም 1970፣ በ27 ዓመቱ ሞተ።

በ1997 ታዋቂ ሰዎች የኖሩባቸው የለንደን ቤቶች ላይ የሚለጠፈው ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ 23 ላይ ተለጠፈ። ሙዚየሙ በ2001 ሲከፈት ግን የሄንድሪክስ መኝታ ቤት የሙዚየሙ ሠራተኞች ቢሮ ነበር። ጠረጴዛና ፋይል። የቅርስ ሥራ አስቸጋሪው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ የ1720ዎቹ ነው። የሚጠበቀውም በዚያ ምክንያት ነው። ታዲያ አንድ ክፍል ውስጥ የ1968 ምንጣፍና ቬልቬት መጋረጃ መመለስ ቤቱን ማክበር ነው ወይስ ማበላሸት?

የእኔ መልስ ግልጽ ነው፦ ማክበር ነው። የተከራይ ቤት ታሪኩ የመጀመሪያው ተከራይ ብቻ አይደለም። ሃንደልም ሄንድሪክስም ከሌላ አገር መጥተው ለንደን ውስጥ ስም ያወጡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ባለቤት አልነበሩም። አንዱ ቤተ መንግሥት ስላገለገለ ይጠበቅ፣ ሌላው ኤሌክትሪክ ጊታር ስለተጫወተ ይዘለል የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ለ1968ቱ ክፍል የነበረው ማስረጃ ከሃንደል ይበልጣል። ጋዜጠኞች ያነሷቸው ፎቶዎች አሉ፤ አብራው የኖረችው ሴት በሕይወት ኖራ ምንጣፉ ምን ቀለም እንደነበረ፣ ምን የት እንደተቀመጠ ተናገረች። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ክፍሉ ተሠርቶ በየካቲት 2016 ለሕዝብ ተከፈተ። አልጋው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ፣ ሞላላው መስታወት፣ የሲጋራ መተርኮሻው፣ ሁሉም በቦታው ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር በጎን ልጨምር። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከ1936 ጀምሮ በስደት የኖሩበት ቤት፣ ባዝ ከተማ ያለው ፌርፊልድ ሃውስ፣ እስከ ዛሬ አለ። በ1958 ለከተማዋ ሰጥተውታል። እንግሊዝ ውስጥ የእንግዳ ኑሮ ለቤት ክብር የሚሆነው ለሙዚቀኛ ብቻ አይደለም።

2023

የሃንደል ቤት የጎደለው ሥሩ ነበር። ግራውንዱ ሱቅ፣ ምድር ቤቱም ከሙዚየሙ ውጪ። 3 ሚሊዮን ፓውንድ በወጣበት ሥራ ሱቁ ወጣ፤ የመንገዱ ፊት እንደ ቤት ተመልሶ ተሠራ፤ የግራውንዱ ክፍሎችና ወጥ ቤቱ ተመለሱ። ንጉሥ ቻርልስ ግንቦት 6 ቀን 2023 ሲቀቡ «ካህኑ ሳዶቅ» ተዘመረ። ከ12 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 18፣ ሃንደል ያንን ዝማሬ ሲጽፍ ይኖርበት የነበረው ቤት ከምድር ቤቱ እስከ ላይ ተከፈተ።

ወጥ ቤቱ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣ ክፍል ነው። ሃንደል መብል ይወድ እንደነበር በዘመኑ የታወቀ ነው፤ ሆዳም አድርጎ የሳለው ሠዓሊም ነበር። ከዚህ በፊት ጎብኚው የሚያየው ሊቁ የጻፈበትንና የተኛበትን ነው። አሁን ያበሰሉለት፣ ከሰል የተሸከሙለት፣ አራት ደረጃ ውኃ ያወጡለት ሰዎች የቆሙበትንም ያያል። ቤቱን ከሞተ በኋላ የተረከበው አገልጋይ እንደነበረ ስናስታውስ፣ ይህ ክፍል ለ22 ዓመት ከጉብኝቱ ውጪ መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ነበር።

የምትሄዱ ከሆነ ምክሬ ከታች እንድትጀምሩ ነው። ከወጥ ቤቱ ተነስታችሁ በዋናው ደረጃ ውጡ፤ እየወጣችሁ የመወጣጫውን ጎን ተመልከቱ፣ ቅርጹ የት ላይ ተራ እንደሚሆን ታያላችሁ። አንደኛ ፎቅ ላይ ብዙ ጊዜ ሃርፕሲኮርድ የሚለማመድ ሙዚቀኛ አይጠፋም፤ ካጋጠማችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ሄንድሪክስን ለመጨረሻ አቆዩት። ከግራጫው ክፍል በቀጥታ ወደዚያ ስትሻገሩ የሁለቱ ዘመን ልዩነት ዓይናችሁ ላይ ይመጣል፤ ሁለቱም ቤቶች ግን የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው፣ የጆርጅ ባርንስ።